ቀልዱ ወዴት ዞረ? ግዳጅ ውትድርናና ዘፈናችን፣ ከአንኮበር እስከ ቀበሌ

ስለ ዘመቻ የተዘፈነ ዘፈን ጥሩ ብንባል ማናችንም አንቸገርም። ቀረርቶው አለ፣ ሽለላው አለ፣ ፉከራው አለ። ቴሌቪዥኑ ራሱ ጦርነት በመጣ ቁጥር ከመደርደሪያ እያወረደ ያሰማናል። ጥያቄውን ግን ትንሽ ገልበጥ እናድርገው። ሰውን በግድ እየለቀመ ወደ ጦር ሜዳ በሚልክ አሠራር ላይ የሚሳለቅ፣ ዘፋኙ በስም የሚታወቅ፣ በዘመኑ በሸክላ ወይም በካሴት የወጣ የአማርኛ ዘፈን ጥሩ ብትባሉስ? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ዝም እንላለን።

ይህ ማለት ሕዝቡ አልቀለደም ማለት አይደለም። ቀልዷል፣ ያውም አምርሮ። ቀልዱ ያለው ግን በጠጅ ቤት፣ በልቅሶ ቤትና በጓሮ እንጉርጉሮ ውስጥ ነው። የደራሲ ስም የለውም፤ የወጣበት ዓመት አልተጻፈበትም።

የሚገርመው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሽሙጡ ሲጀመር የሚወጋው ወሳጁን አልነበረም። የሚወጋው ከዘመቻ የቀረውን ሰው ነበር። በኋላ ነው አቅጣጫውን ያዞረው። መቼና ለምን ዞረ የሚለውን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ እንነሳ።

በቀረው ሰው ላይ መሳቅ

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረ። በጫጫ አካባቢ ያለችው አንጎለላ ደግሞ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሌላዋ ከተማ ናት፤ ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱትም እዚያ ነው። በ1830ዎቹ ወደ ሸዋ የመጡት እንግሊዞች የንጉሡ ሰው በየዓመቱ እንዴት ተሰባስቦ እንደሚዘምት ጽፈው አስቀምጠዋል።

ያኔ አብዛኛው ዘማች እንደ ዛሬው በወር ደመወዝ የሚያድር ወታደር አልነበረም። መሬት የተሰጠው ሰው ሲጠራ ይዘምታል። መሬት በ"ጋሻ" መለካቱ ራሱ ነገሩን ይናገራል፤ አንድ ጋሻ በዛሬው ልኬት ወደ 40 ሄክታር ነው። ስንቁን ከቤቱ ይቋጥራል፣ ጦሩን ራሱ ይይዛል፣ አለቃውን ተከትሎ ይሄዳል። ሳይዘምት የቀረ ሰው ክብሩን ብቻ ሳይሆን መሬቱንም ሊያጣ ይችላል።

ታዋቂው የዓድዋ ክተት አዋጅ የወጣው መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። አዋጁ የሸዋን ሰው ለይቶ ይጠራዋል፤ እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲከት ያዝዘዋል። ጉልበት ያለው እንዲዘምት፣ ጉልበት የሌለው ለልጁ፣ ለሚስቱና ለሃይማኖቱ ብሎ በሐዘን እንዲረዳ ይላል። አቅም እያለው የሚቀረውን ደግሞ አማላጅ በሌለው ቅጣት ያስፈራራል። በግልጽ አማርኛ ይህ ግዳጅ ነው። "ሁሉም በፈቃዱ ሆ ብሎ ወጣ" የምንለው ነገር እውነትነት ቢኖረውም፣ አዋጁ ቅጣቱን አብሮ ይዞ ነው የመጣው።

እንግዲህ አዝማሪው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ማሲንቆውን ይዞ ከሠራዊቱ ጋር ይጓዛል። ማታ ሰፈር ላይ ጀግናውን በስሙ እየጠራ ያወድሳል። የፈራውን፣ የሸሸውን፣ ሰው ሲዘምት እሳት ሲሞቅ የቀረውን ደግሞ ያላግጥበታል። ፉከራውም ያው ነው፤ ፎካሪው የራሱን ጀብዱ ሲቆጥር በተዘዋዋሪ የቀረውን ጎረቤቱን እያሳቀቀ ነው። አንድ ሰው ከቅጣቱ ቢያመልጥ ከግጥሙ አያመልጥም። ቅጣት ይረሳል፤ የተገጠመበት ስንኝ ግን ለልጅ ልጁ ይተርፋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሽሙጥ የመንግሥት ሥራ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ያለ ደመወዝ የሚሠራ የክተት አዋጅ በሉት።

ይህ ለምን ሠራ? አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ ጠሪው ራሱ ይዘምት ነበር። ንጉሡ ይሄዳል፣ እቴጌዪቱ ትሄዳለች፣ ራሱም ደጃዝማቹም ይሄዳል። የእኛዋ አንጎለላ የምትኮራባቸው ፊታውራሪ ገበየሁ ዓድዋ ላይ ወድቀዋል። "እኔ ስሄድ አንተ ቀረህ" የሚለው ስድብ የሚያቆስለው ተሳዳቢው በእርግጥ ሄዶ ሲሆን ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

አዝማሪው ምን ያህል ነፃ ነበር?

ብዙ ጊዜ "አዝማሪ አይከሰስም" ሲባል እንሰማለን። ግማሹ እውነት ነው። አዝማሪ ሌላው ሰው ቢናገረው አንገቱን የሚያስቀላውን ነገር በዜማ ማለት ይችል ነበር። ለዚህ የሚረዱት ሁለት መሣሪያዎች አሉ።

የመጀመሪያው ሰምና ወርቅ ነው። ላይ ላዩን የፍቅር፣ የእርሻ ወይም የከብት ወሬ የሚመስል ስንኝ ውስጡ ሌላ ነገር ይይዛል። ዳኛ ፊት ቢቀርብ "እኔ ስለ በሬዬ ነው የዘፈንኩት" ማለት ይቻላል። ወርቁን ያገኘው ሰሚው ነው፤ ያገኘ ሰው ደግሞ "አገኘሁት" ብሎ ቢከስ ነገሩን በሆዱ ያሰበው ራሱ መሆኑን አመነ ማለት ነው።

ሁለተኛው "ተቀበል!" የሚባለው ልማድ ነው። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ታዳሚው ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆ ያዜመዋል። ግጥሙን የሰጠው ሰው አልዘፈነም፤ የዘፈነው ሰው አልገጠመም። ነገ ጠዋት "ይህን ማን አለ?" ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለም። ቤቱ ነው ያለው። ይህ ዘዴ ለሽሙጥ ከሰምና ወርቅ ባልተናነሰ ትልቅ ጋሻ ነው።

ነፃነቱ ግን ወሰን ነበረው። በ1845 ዓ.ም. ከጉር አምባ ጦርነት በፊት የደጃዝማች ጎሹ አዝማሪ በካሳ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ በሆኑት ሰውዬ፣ ላይ አላግጦ ነበር። ካሳ አሸነፉ፣ አዝማሪው ተያዘ። በዱላ ተደብድቦ እንደሞተ በዜና መዋዕሉ ተጽፏል። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ የካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ፣ ጣሊያኖቹ ከጠንቋይና ከንግርት ተናጋሪ ጋር አዝማሪውንም እያደኑ እንዲረሽኑ ትዕዛዝ ወጣ። ታንክና አውሮፕላን ያለው መንግሥት ማሲንቆ የያዘ ሰው ለምን ፈራ? ወሬው በአንድ ሌሊት ከገበያ ገበያ እንደሚዞር ስላወቀ ነው።

ስለዚህ አዝማሪው የተማረው ትምህርት ግልጽ ነበር፤ በጌታህ ጠላት ላይ ሳቅ፣ በጌታህ ላይ ከሳቅህ ግን በሰም ሸፍነው።

ዘመናዊው ዘፈን ዩኒፎርም ለብሶ ተወለደ

አሁን ወደ ሸክላና ካሴት እንምጣ። በነገራችን ላይ የአማርኛ ዘፈን በሸክላ በማስቀረጽ የመጀመሪያ የሚባሉት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የዚሁ የምንጃር ሰው ናቸው፤ ጀርመን አገር በ1900 ዓ.ም. ገደማ ያስቀረጹት ነው። ቀልደኛ ገጣሚ ነበሩ።

ከሳቸው በኋላ ያለው ዘመናዊ ሙዚቃ ግን ያደገው በዋናነት በወታደር ቤት ነው። ይህ ስድብ አይደለም፣ ታሪክ ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ያመጧቸው 40ዎቹ የአርመን ልጆች የንጉሠ ነገሥቱ ማርሽ ባንድ ሆኑ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ነው። ከነፃነት በኋላ ክቡር ዘበኛ የራሱ ኦርኬስትራ ነበረው፣ ጦር ሠራዊት የራሱ፣ ፖሊስ ሠራዊትም የራሱ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ የክቡር ዘበኛ ልጆች ናቸው።

እስቲ አስቡት። ደመወዛችሁን የሚከፍላችሁ፣ ልብሳችሁን የሚሰፋላችሁ፣ መድረክ የሚሰጣችሁ ጦሩ ነው። በጦሩ ላይ የሽሙጥ ዘፈን ትዘፍናላችሁ?

የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ፣ ሙከራውን የመሩት የክቡር ዘበኛው አዛዥ ስለነበሩ፣ ጥላሁንም ታስሯል። "አልቻልኩም" የሚለው የፍቅር ዘፈኑ ደግሞ ሰሚው የፖለቲካ ወርቅ አገኘበት ተብሎ መነጋገሪያ ሆኗል። እንዲህ ባለ አገር ዘፋኝ ባይሸምጥም ሰሚው ራሱ ሽሙጡን ይፈጥራል። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የግል ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ዘፈኑ ከመንግሥት እጅ ትንሽ ወጣ አለ። ግን አምስት ዓመት ሳይሞላው አብዮቱ መጣ።

1975፦ ኮታ የሚባል ነገር መጣ

ደርግ መጀመሪያ ላይ የጠራው በስሜት ነበር። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲገፋ "የእናት ሀገር ጥሪ" ተባለ፣ ገበሬው በብዛት ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብቶ ሚሊሺያ ሆኖ ወጣ። ያኔ የዘመተው ሁሉ በግድ ነው ማለት አይቻልም። አገር መወረሯን ያየ ብዙ ሰው በእውነት ተነስቷል።

በ1975 ዓ.ም. ግን የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ሰው 6 ወር ሠልጥኖ 2 ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያም እስከ 50 ዓመቱ በተጠባባቂነት ይቆያል። በወረቀት ላይ ሲታይ ሌላም አገር ያለ ሕግ ነው። ችግሩ የመጣው ወደ መሬት ሲወርድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ከላይ ቁጥር ይወርዳል። ገጠር ውስጥ ገበሬ ማኅበሩ፣ ከተማ ውስጥ ቀበሌው "ይህን ያህል ሰው አምጣ" ይባላል። ኮታ ማለት ይህ ነው። ኮታውን የሚሞላው ሊቀ መንበር ጎረቤታችሁ ነው። የማንን ልጅ እንደሚጽፍ የሚወስነው እሱ ነው። ገንዘብ ያለው ጉቦ ይሰጣል፣ ዘመድ ያለው ይለመንለታል። ድሃዋ እናት ልጇን ትሰጣለች። ቁጥሩ ካልሞላ ሌሊት ቤት እየተሰበረ፣ ቀን ከገበያና ከመንገድ እየተለቀመ ይሞላል። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅም እየተወሰደ ነበር። ወጣቱ ጫካ ያድራል፣ ቆጥ ላይ ይደበቃል፣ የሩቅ ዘመድ ቤት ይሸሻል።

ጊዜውን አስታውሱ። 1976 እና 1977 ዓ.ም. ረሃብ ነው። ሰሜን ሸዋም በድርቁ ከተጎዱት አንዱ ነበር። እህሉ የለም፤ እህል የሚያርሰው ልጅም ተወሰደ። ደርግ ሊወድቅ ሲል የሠራዊቱ ቁጥር ከ400 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪዎቹ ሳይቀሩ ብላቴ ማሠልጠኛ ገብተዋል።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን ነጥብ አሁን አምጡት። የድሮው ጠሪ ራሱ ይዘምት ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ግን አይዘምትም፤ ይጽፋል። ልጁም አይዘምትም። ስለዚህ "ቀረህ" የሚለው ስድብ የሚያርፍበት ሰው ተቀየረ። ቤቱ የቀረው ፈሪ ሳይሆን ጸሐፊው ራሱ ሆነ። ሽሙጡም በዚያው ዞረ። ጥላቻ ብቻ አይደለም ያዞረው፤ ሚዛኑ ስለተዛባ ነው። የድሮው ግጥም "ሁሉም እኩል ሄዷል፣ አንተስ?" ይላል። የደርግ ዘመን ቀልድ ደግሞ "ሁሉም እኩል ካልሄደ፣ ለምን የኔ ልጅ?" ይላል።

ቃሉ ራሱ ይሸምጣል

ይህን ቀልድ ማይክ ላይ ማለት አይቻልም ነበር። ካሴት ከመውጣቱ በፊት ግጥሙ በሳንሱር ያልፋል። መድረኩን የያዙት የኪነት ቡድኖች ነበሩ፤ የቀበሌ ኪነት፣ የአውራጃ ኪነት፣ የክፍለ ጦር ኪነት። ሥራቸው ለዘመቻ መቀስቀስ ነው። በጽሑፍ የሞከረው ሰው ምን እንደደረሰበት ደግሞ ሁሉም ያውቃል፤ በዓሉ ግርማ የቀይ ኮከብ ዘመቻን የተቸበትን "ኦሮማይ" ያሳተመው በዚያው በ1975 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ ታገደ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ስለዚህ ሽሙጡ ወደ ቃላት ገባ። በዚያ ዘመን የነበሩትን ቃላት አንድ በአንድ ብታዩ ቀልዱን ታገኙታላችሁ።

"አፈሳ" ማለት ምንድነው? ማፈስ የተበተነ እህል በእጅ ዘግኖ ማንሳት ነው። ሰው በመንገድ እየተያዘ ሲጫን ሕዝቡ "ምዝገባ" አላለውም፣ "ጥሪ" አላለውም። አፈሳ አለው። ሰው እንደ ጤፍ ተዘገነ ማለት ነው። ይህን ስም መንግሥት አላወጣለትም።

"ግዳጅ" የሚለውን ደግሞ እዩት። በጦሩ ቋንቋ ግዳጅ የተሰጠህ ተልዕኮ ነው፤ "ግዳጁን በድል ተወጣ" ይባላል። በሰፈር ቋንቋ ግን ግዳጅ የተገደድክበት ነገር ነው። ራዲዮው አንዱን ሲል እናትየው ሌላውን ትሰማለች። ማንም ቃል አልቀየረም።

"ወጥቶ አደር"ም አለ። ደርግ አርሶ አደር፣ ወዝ አደር፣ ወጥቶ አደር እያለ ሕዝቡን ይመድብ ነበር። ወታደር የሚለው ቃል ከዚሁ መጣ ይባላል። ወጥቶ ማደር እሺ፤ ወጥቶ አድሮ፣ ከርሞ፣ ሳይመለስ ሲቀርስ? ጥያቄውን ቃሉ ራሱ ያመጣዋል።

"ምልምል" ደግሞ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። መመልመል ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ ወታደር መምረጥ ነው፤ ሌላው የዛፍን ቅርንጫፍ እየቆረጡ መላጣ ማድረግ ነው። ሰምና ወርቁ እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት አንድ ስንኝ ልግጠም። የማንም ዘፈን አይደለም፤ ለማስረጃ ያህል አሁን እኔ የገጠምኩት ነው፦

ለቤቴ ምሰሶ ያሳደግኩት ዛፍ፣
ሊቀ መንበር መጥቶ መለመለው ካፋፍ።

ሰሙን እንይ። አንዲት የደብረ ብርሃን ሴት ጓሮዋ ባሕር ዛፍ ተክላለች፤ ቤት ልትሠራበት ስትጠብቅ ሊቀ መንበሩ መጥቶ ቅርንጫፉን ቆረጠው። የጎረቤት ጠብ ነው፣ ለሽማግሌ የሚነገር። ወርቁ ሌላ ነው። የቤቷ ምሰሶ ይሆናል ብላ ያሳደገችው ልጇ ነው፤ ተመለመለ። "ስለ ምን ነው የዘፈንሽው?" ቢሏት "ስለ ባሕር ዛፌ" ትላለች። ማን ይከሳታል?

እንዲህ ያለው ነገር የሚባልበት ቦታም አለው። እናቶች በእንጉርጉሮና በሙሾ ይሉታል፤ ልቅሶ ቤት ውስጥ የአልቃሽን ግጥም ማንም አያቋርጥም። ወንዶቹ በጠጅ ቤት በ"ተቀበል" ይሉታል። ምልምሎቹም እንደ ሌላው ዓለም ወታደር ሁሉ ለሩጫና ለሰልፍ የተሰጣቸውን መዝሙር ቃሉን ለወጥ አድርገው ይሉታል።

የዚህ ዓይነት የቃል ግጥም ዋጋ ቢስ መስሎ የሚታየው ሰው ካለ፣ ፈቃደ አዘዘ የሠራውን ሥራ ይመልከት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ምሁር በዚያ ዘመን ስለነበረው ድርቅና ረሃብ የሰሜን ሸዋ ገበሬዎች በቃል የገጠሙትን ሰብስቦ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አድርጎ አሳትሞታል፤ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ "ያልተሰሙ ድምፆች" እንደማለት ነው። ስለ ረሃቡ ታሪክ በሪፖርት የማታገኙትን ነገር ግጥሙ ውስጥ ታገኛላችሁ። የአፈሳውም እንዲሁ ነው፤ ቁጥሩ ሰነድ ላይ ይኖራል፣ ስሜቱ ያለው ግጥሙ ውስጥ ነው።

ሌላው ዓለምስ?

ሌላ አገር ይህ ቀልድ በስም ተዘፍኗል። ዋጋውም ተከፍሎበታል።

ፈረንሳይ ውስጥ ቦሪስ ቪያን በ1954 እ.ኤ.አ. "ከዳተኛው ወታደር" እንደማለት ያለ ርዕስ ያለው ዘፈን ጻፈ። ለፕሬዚዳንቱ በተጻፈ ደብዳቤ መልክ የተሠራ ነው፤ በትሕትና "አልዘምትም" ይላል። ከራዲዮ ታገደ።

አሜሪካ ውስጥ በቬትናም ጦርነት ጊዜ አርሎ ጋትሪ በ1967 እ.ኤ.አ. ከ18 ደቂቃ በላይ የሚወስድ ቀልድ አዘል ዘፈን አወጣ። ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ቆሻሻ ያለቦታው በመድፋት ተቀጥቶ ነበርና የምልመላ ቢሮው ይህ ሰው ሰው ለመግደል የሚያበቃ ሥነ ምግባር አለው ወይ ብሎ ይጨነቃል። ቀልዱ የሚወጋው ወታደሩን አይደለም፤ መዝጋቢውን ቢሮ ነው። ከቀበሌው ሊቀ መንበር ጋር ዘመድ አይመስላችሁም?

ናይጄሪያ ውስጥ ደግሞ ፌላ ኩቲ በ1976 እ.ኤ.አ. "ዞምቢ" አለ፤ ሳያስብ የሚታዘዝ ወታደርን እንደ በድን አድርጎ። በየካቲት 1977 እ.ኤ.አ. ወታደሮች ግቢውን አቃጠሉ፣ አዛውንት እናቱን ከመስኮት ወረወሯቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት አረፉ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እነሱ ጋ ዘፈኑ ስም ስላለው ዛሬም ይሰማል፣ ይጠናል። እኛ ጋ ስም ስላልነበረው ተናጋሪው ከአደጋ ዳነ፤ ግጥሙ ግን ከተናጋሪው ጋር ይሞታል። የከፈልነው ዋጋ ይህ ነው።

ዛሬስ?

ደርግ ወደቀ። ቅድመ ምርመራ በ1985 ዓ.ም. በፕሬስ ሕጉ ቀረ፣ ሕገ መንግሥቱም ከለከለው። የብሔራዊ ውትድርናው አሠራርም ከደርግ ጋር ቀረ፤ ውትድርና በፈቃድ ሆነ። ታዲያ በስም የሚዘፈን የሽሙጥ ዘፈን ለምን እንደ ልብ አልመጣም?

አንዱ መልስ ዘፈኑ ሁልጊዜ ጦርነቱ ሲጀመር ስለሚታዘዝ ነው። ጦርነት ሲነሳ ስቱዲዮው ይሞላል፤ ቀረርቶው በአዲስ ከበሮ ይወጣል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደብረ ሲና ደርሶ ደብረ ብርሃን በሰው ስትጨናነቅ የነበረውን ድምፅ የከተማው ሰው ያስታውሳል። አገሩ ሲወረር ያየ ወጣት በገዛ ፈቃዱ የተነሳበት ጊዜ ነበር፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን በዚያ ሰዓት የሚያመነታ ሰው የሚባለው ያው የጥንቱ ስድብ ነው፤ ከሴት ጋር ቀረ፣ ፈራ። ስድቡ ከአንኮበር ዘመን ጀምሮ አልተቀየረም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ክልላችን ሌላ ጦርነት ውስጥ ነው። ወጣቱን ከየአቅጣጫው የሚጠራው ብዙ ነው። የሚጠራው ሁሉ ዘፈን አለው። ለማይፈልገው፣ ለሚፈራው፣ ወይም ልጇ እንዳይወሰድባት በሯን ቆልፋ ለምታድረው እናት ግን ዘፈን የለም። የቀረ ሰው ዛሬም ይሰደባል፤ "እናንተስ ልጃችሁን ላካችሁ ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ ግጥም ግን ጮክ ብሎ አይሰማም።

ለኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ ፍሬ ነገር ይህቺው ጥያቄ ናት። ሽሙጡ አገር መከላከልን አልጠላም። የዓድዋን ዘማች የሚያወድሰውና የቀበሌውን ጸሐፊ የሚሸምጠው ያው አንድ ሕዝብ፣ አንዳንዴም ያው አንድ ማሲንቆ ነው። የሚለካው በአንድ ሚዛን ነው፤ ጠሪው አብሮ ይሄዳል ወይስ አይሄድም? ከሄደ፣ የቀረው ይሳቅበታል። ካልሄደ፣ ጠሪው ይሳቅበታል። ከዚህ የተሻለ የፍትሕ መለኪያ በብዙ ገጽ አዋጅ ውስጥም አታገኙም።

አሁን ደግሞ የሚቸኩል ነገር አለ። በ1975 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ 60ውን ተሻግሯል። ያኔ ልጇን የሰጠች እናት ካለች 80ውን አልፋለች። እነዚያ ግጥሞች ያሉት በነሱ አፍ ውስጥ ነው። ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ መንዝ፣ ምንጃር፣ ይፋት ያላችሁ፣ ቤታችሁ እማማም አባባም ካሉ ቡና ሲፈላ ጠይቋቸው። "በአፈሳው ጊዜ ምን ይባል ነበር?" በሏቸው። መጀመሪያ "ተወው ልጄ፣ ያለፈ ነገር" ይሏችሁ ይሆናል። አትቸኩሉ። ሁለተኛው ቡና ላይ አንድ ስንኝ ይወጣል። ፈቃዳቸውን ጠይቁና በስልካችሁ ቅዱት፤ ዓመቱንና ቀበሌውን ጻፉበት። የሰዎችን ስም ማውጣት አያስፈልግም። ግጥሙ ድሮም ያለ ስም ነው የኖረው።